የቡድናችሁ ትልቁ ቅጽበት የቱ ነው? (ቤዝቦል የሚያይ ሐበሻ ካለ)

አርሴ ከአሌክሳንድሪያ፦

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔ የኳስ ሰው ነኝ፣ አርሴናል። ስለ ቤዝቦል የማውቀው በዱላ እንደሚመታ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ጉድ ሆንኩላችሁ። አንዱ ተነሥቶ "የቡድናችሁ ትልቁ ቅጽበት የቱ ነው?" አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ተራ በተራ ማውራት ጀመረ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ፣ በዓመት ሁለት ቃል የማይወጣት፣ ስለ አንድ ምት ስታወራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሳንሸነፍ ስለጨረስንበት ስለ 2004 አወራሁ። በጨዋ ደንብ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አለቀ።

ለቅዳሜ ደግሞ የናሽናልስ፣ የዲሲው ቤዝቦል ቡድን፣ ትኬት ሰጥተውኛል። ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።

እና ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እዚህ ቤት ቤዝቦል የሚከታተል አለ? ካለ የቡድኑን ትልቁን ቅጽበት ይንገረኝ። ስንት ለስንት እንደሆነ ስልኬም ይነግረኛል። እናንተ የት ነበራችሁ? ምን ሆናችሁ? እሱን ነው የፈለግኩት።

ሙድ ያዥ፦

ወንድሜ እኔ አንዴ ሄጄ አይቻለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሱፍ እየፈለፈሉ ይተፋሉ። በመሃል አንዱ ብድግ ብሎ ይሮጣል። ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። ትልቁ ቅጽበት ሲያልቅ ነው።

ባለ ታክሲው፦

አርሴ ወንድሜ፣ አለን። ብዙ አይደለንም እንጂ አለን። ሱፍ ቆጣሪውን ለጊዜው ተወው፣ እመለስበታለሁ።

ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በ2005 ነው። ቡድኑም ከሞንትሪያል ተነቅሎ ዲሲ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ሁለታችንም አዲስ ገቢ ነበርን ማለት ነው። እነሱ አርኤፍኬ በሚባለው አሮጌ ስታዲየም ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ ያለ ሜትር እነዳለሁ። ያኔ የዲሲ ታክሲ የሚያስከፍለው በዞን ነበር። ስንት ዞን ተሻገርን እያልክ ከተሳፋሪ ጋር መነታረክ ነው። በ2008 ሜትር ገባልን። በዚያው ዓመት አዲሱ ስታዲየም አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ተከፈተ። የመክፈቻውን ጨዋታ ራያን ዚመርማን የሚባል ልጅ በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ በመደበኛው የመጨረሻ ዙር ማለት ነው፣ ሆም ረን መትቶ (ኳሷን ከሜዳ ውጭ አውጥቶ) ጨረሰው። ስሙን ያዝልኝ።

ቤዝቦልን ያስተማረኝ ሬዲዮ ነው። የጀመርኩት ለቲፕ ብዬ ነው፣ አልዋሽም። ተሳፋሪው ገና ሳይቀመጥ "ስንት ለስንት ናቸው?" ይላል። "አላውቅም" ካልኩት ስልኩን ያወጣል፣ ወሬ የለም። "አራት ለሁለት፣ ሰባተኛው ላይ" ካልኩት ግን ወደ ፊት ጠጋ ይላል። ወሬ ካለ ቲፕ አለ። ስለዚህ ሬዲዮኑን እዚያ ላይ ተከልኩት።

ቋንቋው ግን አሳሬን አሳየኝ። ስትራይክ ሲባል እኔ የማውቀው አድማ ነው። ለካ መቺው የሳታት ኳስ ኖራለች። "ሦስት ስትራይክ፣ ውጣ!" ሲሉ ሰውየውን ከሥራ ያባረሩት ነበር የሚመስለኝ። ቤዝ (ሯጩ እየረገጠ የሚዞርበት ማረፊያ) ሰረቀ ብለው ደግሞ ያጨበጭባሉ። ሌባ የሚጨበጨብለት አገር! መሥዋዕት የሚሉትም አለ። አንዱ ጓደኛው ወደ ቤት እንዲገባ ብሎ ኳሷን ወደ ላይ ያጎናታል። ኳሷ ትቀለብና እሱ ይቃጠላል። በሰፈራችን ጨዋታ "ተቃጠልክ" እንደምንለው ማለት ነው። ነጥብ የሚቆጠረውም ከቤት ተነሥተህ፣ ዞረህ ዞረህ፣ መልሰህ ቤትህ ስትገባ ነው። ይህ ሲገባኝ ጨዋታው ያዘኝ። እኔም ከቤቴ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ብዙ ሰው የ2019ኙን ሰባተኛ ጨዋታ ይልሃል፤ ዋንጫ የተበላበት ስለሆነ። የእኔ ግን እሱ አይደለም። የእኔ ኦክቶበር 1 ቀን 2019 ነው። ለምን እንደሆነ እንዲገባህ መጀመሪያ 2012ን ልንገርህ።

በ2012 ቡድኑ ዲሲ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገባ። ከሴንት ልዊስ ካርዲናልስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ያሸነፈ ያልፋል። ስድስት ለዜሮ መሩ። ስድስት ለዜሮ! እኔ ኤም ስትሪት ላይ መኪናዬን አቁሜ ሥራ እጠብቃለሁ። ዛሬ ገበያ ነው፣ ደስ ያለው ሰው ቲፕ አይሰስትም እያልኩ። ዘጠነኛው ላይ ሰባት ለአምስት እየመሩ ለማሸነፍ አንዲት ስትራይክ ብቻ ቀረቻቸው። አንዲት። አራት ገባባቸው። ዘጠኝ ለሰባት።

አራት ሰዎች ገቡልኝ። ቤተዝዳ እስክንደርስ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ለቅሶ ቤት እንኳን ሰው ያወራል እኮ። የመጨረሻው ሰውዬ ሲወርድ "ይቅርታ" አለኝ። እኔን ለምን ይቅርታ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በ2014ም፣ በ2016ም፣ በ2017ም ያው ነው። ገብተው በመጀመሪያው ዙር መውጣት። የ2014ቱ አንዱ ጨዋታ 18 ኢኒንግ ሄደ፣ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። እሱንም ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ከዚያ ትልቁ ኮከባቸው ብራይስ ሃርፐር በ330 ሚሊዮን ዶላር ለፊላደልፊያ ፈረመ። በ2019 ሜይ መጨረሻ ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። አሰልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን አባሩልን የሚል ተሳፋሪ ስንቱን ጫንኩ!

ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ተነሡ። 93 አሸንፈው ዓመቱን ጨረሱ። ምድባቸውን ግን ስላልመሩ የደረሳቸው ዋይልድ ካርድ ነው። ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ። የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ያን ማክሰኞ ማታ ሳውዝ ካፒቶል አጠገብ ቆሜያለሁ። ኦክቶበር ገብቶም ሙቀቱ አልለቀቀም፣ መስኮቴ ክፍት ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርህ። ሬዲዮው ከሜዳው ጥቂት ሴኮንድ ይዘገያል። ስታዲየሙ አጠገብ ከቆምክ የሕዝቡ ጩኸት በአየር ቀድሞ ይደርስሃል። የሬዲዮው ሰውዬ ቻርሊ ስሎውስ ምን እንደተፈጠረ የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። ነጎድጓዱ ቀድሞ መብረቁ ሲከተል ማለት ነው።

ገና ከመጀመሪያው የእኛ ወርዋሪ ማክስ ሸርዘር ላይ ሁለት ሆም ረን ተመታበት። ሦስት ለዜሮ። ትሬ ተርነር አንድ መለሰ። ሦስት ለአንድ ሆኖ ስምንተኛው ኢኒንግ ደረሰ። የሚልዋኪው ወርዋሪ ጆሽ ሄደር ነው፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ግራኝ። ሰው የሚፈራው ዓይነት። ሁለት ሰው ተቃጥሏል። አንዱን ኳስ ነክቶት በነፃ ቤዝ ላይ ቆሟል። ዚመርማን ተቀይሮ ገባ። ስሙን ያዝልኝ ያልኩህ፣ የ2008ቱ ልጅ። አሁን 35 ዓመቱ ነው። ዱላው እጁ ላይ ተሰበረ፤ ኳሷ ግን እንደ ምንም ብላ ሜዳው ላይ ወደቀችለት። አንተኒ ሬንዶን ታግሦ ታግሦ በነፃ ወደ ቤዝ ሄደ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። የሚመታው ሁዋን ሶቶ ነው። 20 ዓመቱ።

ሬዲዮው ላይ ሶቶ ገና እግሩን እያመቻቸ ነው።

ጩኸቱ መጣ።

እንደዚያ ዓይነት ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ከፍ አለ። ጋብ ሊል ነው ስል እንደገና ፈነዳ፣ የመጀመሪያውን አስናቀው። እኔ ምንም አላውቅም። ሬዲዮው ላይ ሶቶ አሁንም ቆሟል። ከኋላዬ የቆመው ባለ ታክሲ፣ ኤርትራዊ ወዳጄ ነው፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። "እንታይ ኮይኑ?" አለኝ። በእጄ ዝም አስባልኩት። መሪውን ይዣለሁ፣ መኪናው ጠፍቷል። አርሴ፣ የእኔ ትልቁ ቅጽበት እነዚያ ሴኮንዶች ናቸው። ነገር እንደተፈጠረ አውቃለሁ። ምን እንደተፈጠረ አላውቅም። 2012 ትዝ አለኝ። ያ "ይቅርታ" ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ይህ ጩኸት የደስታ ካልሆነ ከዛሬ በኋላ ሬዲዮኑን እዘጋለሁ ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ቻርሊ ደረሰ። ሶቶ ወደ ቀኝ መታ። ሁለት ሰው ገባ፣ እኩል ሆኑ። የመጀመሪያው ጩኸት እሱ ነው። የሚልዋኪው ልጅ ኳሷን ልያዝ ሲል ከጓንቱ አመለጠችው። ሦስተኛውም ሰው ገባ። ሁለተኛው ጩኸት ይኸው። አራት ለሦስት! ሶቶ ራሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ተይዞ ተቃጠለ፤ እየተቃጠለም ይደሰታል። ከወዳጄ ጋር መንገዱ መሃል ተቃቀፍን። የእሱ ዕውቀት ካንተ አይበልጥም። እኔ ስለዘለልኩ ዘለለ።

ዘጠነኛውን ዘግተው ወጡ። ከስታዲየሙ የወጡ አንድ ሽማግሌ ገቡልኝ፣ ብቻቸውን ናቸው። ታኮማ ፓርክ አሉኝ። መንገድ ላይ ስለ 1971 አወሩልኝ። ዋሽንግተን ከዚህ በፊትም ቡድን ነበራት፣ ሴናተርስ የሚባል። ባለቤቱ ወደ ቴክሳስ ወሰደው። የመጨረሻው ጨዋታ ሴፕቴምበር 30 ነበር፣ ከያንኪስ ጋር፣ አርኤፍኬ። ሰባት ለአምስት እየመሩ፣ ሁለት ተቃጥሎ፣ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ቤዙንም ሣሩንም ነቅሎ ወሰደ። ጨዋታው በፎርፌ ለያንኪስ ተሰጠ። "እኔም አንድ እፍኝ ሣር በኪሴ ይዤ ወጣሁ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከተማው እስከ 2005 ቡድን አልነበረውም። ቤታቸው ደርሰን ሒሳብ ስንት ነው ሲሉኝ ሜትሩን ሳልከፍት ነው ያመጣኋቸው። ረስቼው ነው፣ ቸር ሆኜ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ይነግርሃል። ሎስ አንጀለስ ላይ ሃዊ ኬንድሪክ በአሥረኛው ኢኒንግ ግራንድ ስላም (ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ የሚመታ ሆም ረን) መታ። ካርዲናልስን አራት ለዜሮ ጠረጉ፣ የ2012ን ብድር ከነወለዱ። ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ላይ ከሂውስተን ጋር ሰባት ጨዋታ ሄዱ። ሰባቱንም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው! ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዲሲ ላይ የተደረጉትን ሦስቱን ተሸነፉ። አምስተኛው ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ መጥቶ ስታዲየሙ በጩኸት አዋከበው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ሰባተኛውን ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ረቡዕ ስለሆነ በያይነቱ ቀርቦልኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ያንተው ቡድን ነበር አርሴ! ኦክቶበር 30፣ ከሊቨርፑል ጋር አምስት ለአምስት ወጥታችሁ በፔናልቲ የተሸነፋችሁበት። ጨዋታው ከቀትር በኋላ አልቋል፤ እነሱ ግን ማታም ጎሎቹን እየደጋገሙ ይጨቃጨቃሉ። ስንት ለምኜ አንዱን ቴሌቪዥን አስለወጥኩ። ሁለት ለዜሮ እየተመራን ነው። ሰባተኛው ላይ ሬንዶን ሆም ረን መታ። ትንሽ ቆይቶ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ መታት። ኳሷ የቀኙን መስመር ቋሚ ብረት ጓ አድርጋ መታችው። ብረቱን ከነካች ሆም ረን ናት። ሦስት ለሁለት። ስድስት ለሁለት አለቀ። ከአርሴናሎቹ አንዱ "አሁን ማን አገባ?" አለኝ።

ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ግን ያን ማታ ማን ምን እንዳደረገ በዓይኔ አየሁት። ኦክቶበር 1 ግን ቀድሞ ጆሮዬ ነው ያወቀው።

ሙድ ያዥ፣ አንተ ደግሞ ስማ። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው ሰዓት ተቆጥሮበታል። ጨዋታው አሁን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ሱፉን ግን አልከለከሉም።

የዳላስ ልጅ፦

ባለ ታክሲው፣ እነዚያ ሽማግሌ ሣሩን ይዘው ቀሩ፣ ቡድኑ እኛ ጋ ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ የሚባለው ያ የናንተ ሴናተርስ ነው። ይቅርታ፣ አንመልስም።

እኛም ግን በነፃ አላገኘነውም። በ2011 ጋርላንድ ውስጥ ማደያ ላይ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። ኦክቶበር 27፣ ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ከካርዲናልስ ጋር። (እነዚህ ካርዲናልሶች ያልነኩት ሰው የለም እንዴ?) ካሸነፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ነን። ዘጠነኛው ላይ ሰባት ለአምስት፣ አንዲት ስትራይክ ቀርታለች። ዴቪድ ፍሪስ የሚባል ሰው ከኔልሰን ክሩዝ ጭንቅላት በላይ መታና እኩል ሆኑ። አሥረኛው ላይ እንደገና ሁለት ቀደምን። እንደገና አንዲት ስትራይክ ቀረች። እንደገና እኩል። አሥራ አንደኛው ላይ ያው ፍሪስ ሆም ረን። በማግስቱ ሰባተኛውንም ወሰዱት።

የሃያ ዶላር ነዳጅ ሊከፍል የገባ ሰውዬ ከዘጠነኛው ጀምሮ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያይ ነበር። ሲያልቅ ከፈለኝና ወጣ። ነዳጁን ግን ሳይቀዳ ሄደ። በማግስቱ ይመጣል ብዬ ሃያዋን ዶላር ለብቻ አስቀመጥኳት። አልመጣም።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኦክቶበር 27 ቀን 2023፣ አሥራ ሁለት ዓመት ልክ በቀኑ። ወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከአሪዞና ጋር። ዘጠነኛው ላይ አምስት ለሦስት እየተመራን ኮሪ ሲገር መትቶ እኩል አደረገው። አሥራ አንደኛው ላይ አዶሊስ ጋርሲያ ጨረሰው። ያው ቀን፣ ያው አሥራ አንደኛ። እኔ ዕድል ምናምን አላምንም፣ ያን ማታ ግን ፀጉሬ ቆመ። በአምስት ጨዋታ ዋንጫ በላን። ባለ ታክሲው፣ እናንተ በሰው ሜዳ አራት አሸነፋችሁ አልክ? እኛ በዚያ ፕሌይኦፍ ከሜዳችን ውጭ 11 ተጫውተን 11 አሸነፍን።

ከዚህ ዋንጫ በፊት ኦክቶበር 27 ሲመጣ ሚስቴ ሪሞቱን ትደብቅ ነበር።

የሬይኒየር ልጅ፦

ሰላም ሁላችሁም። እናንተ ዋንጫ አላችሁ። የእኔ ሲያትል ማሪነርስ ግን ወርልድ ሲሪስ ደርሶ እንኳን አያውቅም። ካሉት ቡድኖች ሁሉ ብቸኛው ነው። ስለዚህ የእኔን ስሙኝ።

በሱዳን በኩል ወደ ሲያትል ስንመጣ ሕፃን ነበርኩ። በ1995 አሥር ዓመቴ ነው። ሬይኒየር ቫሊ፣ አፓርትመንት፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባቴ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው የሚሠራው። ቴሌቪዥናችን አንቴናው በእጅ ካልተያዘ አያሳይም። የሚይዘው ወንድሜ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ቤዝቦልም አታውቅም። የቡድኑን ኮከብ ኬን ግሪፊን ግን ታውቀዋለች። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ ስለሚያደርግ "ያ ባለጌ ልጅ" ትለዋለች። በቴሌቪዥን ሲመጣ "አስተካክለህ አድርግ፣ እናትህ አላየችህም?" ትለዋለች። ስቆ ሲታይ ደግሞ "ጥርሱ እንዴት ያምራል" ትላለች። ትወደው ነበር።

ኦክቶበር 8፣ እሑድ። ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተሸንፈን ሁለቱን መልሰናል። አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ላይ አምስት ለአራት እየተመራን ነው። ጆይ ኮራ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ነው፣ ግሪፊ አንደኛው ላይ። ኤድጋር ማርቲኔዝ በግራ መስመር መታት። ኮራ ገባ፣ እኩል ሆነ። ግሪፊ ግን አልቆመም። ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ። እናቴ ተነሥታ ቆመች። "ሩጥ! ሩጥ አንተ ልጅ!" በአማርኛ። ወንድሜ ለማየት ብሎ አንቴናውን ለቀቀው። ቴሌቪዥኑ በረዶ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ግሪፊ ተንሸራትቶ ቤት ሲገባ በቀጥታ አላየሁትም። የቡድን ጓደኞቹ ተከምረውበት ከሥር ሲስቅ የሚታየውን ምስል በኋላ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ሰዓት ያወቅነው ከታች ፎቅ ነው። የካምቦዲያ ቤተሰብ ነበሩ፣ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡ ጀመር። የእኛ ወለል ማለት ነው። እናቴም በእግሯ መለሰችላቸው። ከዚያ በፊት በጫጫታ የተነሣ አይነጋገሩም ነበር።

ቀጥሎ ክሊቭላንድ አሸነፈን። ኪንግዶም የሚባለውንም ስታዲየም በ2000 በፈንጂ አፈረሱት። በ2001 116 ጨዋታ አሸንፈንም ወርልድ ሲሪስ አልደረስንም። ከዚያ ለሃያ ዓመት ያህል ፕሌይኦፍ ራሱ ጠፋ። ያም ሆኖ አሁን ስታዲየሙ አጠገብ ያለው መንገድ በኤድጋር ስም ነው የሚጠራው። በዚያ በኩል በመኪና ስናልፍ እናቴ "ይኸ ያ ልጁን ያስሮጠው ሰውዬ ነው" ትላለች።

ሙድ ያዥ፦

እሺ። መጥረጊያዋ አሸነፈችኝ። ሱፍ ልገዛ ነው።

አርሴ ከአሌክሳንድሪያ፦

እናንተ ሰዎች፣ ሥራ ቦታ ስልኬን ደብቄ ሳነብ አለቃዬ ያዘኝ። ምን እያነበብክ ነው ሲለኝ "ስለ ሁዋን ሶቶ" አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ!

ባለ ታክሲው፣ ጋሼ ልበልዎ መሰለኝ፣ ከ2005 ጀምረው ነው የሚያወሩት። አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህን ሁሉ ዓመት ውጭ ቆመው ነው? ውስጥ ገብተው አያውቁም?

ባለ ታክሲው፦

አንተ በለኝ፣ አላረጀሁም።

ገብቻለሁ፣ አንዴ። ኦክቶበር 3 ቀን 2021፣ ዚመርማን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተበት ቀን። ልጄ ናት ትኬት የገዛችልኝ። "አባዬ፣ ስንት ሰው እዚህ በር ላይ አድርሰሃል፣ አንተም ግባ እንጂ" ብላ። ከቦስተን ጋር ነበር። ሰባት ለአምስት ተሸነፍን፤ ያን ቀን ግን ማንም አልቆጠረውም። ስምንተኛው ላይ ዚመርማንን ከሜዳ አስወጡት። ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። የቦስተን ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡለት። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል። ልጅ ሆኖ ነው የመጣው፣ ልክ በ2005፣ እኔ ስጀምር።

ትንሿን ሬዲዮኔን ይዤ ነበር፣ በአንድ ጆሮዬ ሰክቻታለሁ። ልጄ አፈረችብኝ። "አባዬ፣ ፊትህ ላይ እያየኸው ለምንህ ነው?" አለችኝ። ሰውየው ሜዳውን ለቆ ወጥቶ፣ ሰው መቀመጥ ሲጀምር፣ ቻርሊ ገና መውጣቱን ይነግረኛል። ሁለት ጊዜ አየሁት ማለት ነው።

ቅዳሜ ስትሄድ በአረንጓዴው መስመር ባቡር ናቪ ያርድ ውረድ። በር ላይ ያወጣሃል። መኪና ይዘህ እንዳትሄድ፣ ፓርኪንጉ ያስለቅስሃል። ታክሲም አትያዝ። ጨዋታው ሲያልቅ መንገዱ ስለሚዘጋ ሜትሩ ቆሞ ይበላሃል። እኔ ነኝ ይህን የምልህ፣ ለማንም እንዳትናገር።